ሐዲዱ የሚያልቅበት ሳይመንስ ታውን

ደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕ ታውን በስተደቡብ ያለችው የባሕር ዳር ከተማ ሳይመንስ ታውን የሄድኩት ለባቡሩ ብዬ ነው ስል ማንም አያምነኝም። ሰው እዚያ የሚሄደው ፔንግዊን ሊያይ ነው። እኔ ደግሞ የከተማ ባቡር ከተሳፈርኩ ጫፍ ድረስ ሄጄ ሐዲዱ የት እንደሚቆም ካላየሁ አልረካም። ልክፍት በሉት።

ከኬፕ ታውን ተነሳን። መጀመሪያ የሚታየው የሰፈር ጀርባ ነው፤ አጥር፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ እንደገና አጥር። ሙዘንበርግ ስንደርስ ግን ባሕሩ በግራ በኩል ድንገት ከች አለ። ከዚያ በኋላ ተራራው በቀኝ፣ ውሃው በግራ፣ ሐዲዱና የመኪናው መንገድ መሃል ላይ ተጣበው ነው የሚሄዱት። ማዕበሉ ሲበረታ የሐዲዱን ግንብ እየመታ ይረጫል።

መስመሩ በአንዴ የተዘረጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1864 ዋይንበርግ ደረሰ፣ በ1882 ሙዘንበርግ፣ በዓመቱ ካልክ ቤይ። ሳይመንስ ታውን የገባው በ1890 ዲሴምበር 1 ቀን ነው። እንግሊዞች እዚያ የባሕር ኃይል ሰፈር ስለነበራቸው ባቡሩ የመርከበኞችም ባቡር ሆነ። ሰፈሩን ለደቡብ አፍሪካ ያስረከቡት በ1957 ነው።

ፊሽ ሁክ ጣቢያ ላይ ተገተርን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር፣ ሃያ። የሚነግረን ሰው የለም። በኋላ እንደገባኝ ከዚህ ወዲያ ያለው ሐዲድ ነጠላ ነው፤ ተራራው ወደ ባሕሩ ስለሚገፋ ቦታ የለም፣ ስለዚህ ከወዲያ የሚመጣው ባቡር እስኪወጣ ከወዲህ ያለው ይጠብቃል። አንዱ ከዘገየ ሌላውም ዘገየ ማለት ነው። ግሌንኬርን አካባቢ ደግሞ ንፋሱ አሸዋ እያመጣ ሐዲዱ ላይ ይደፋል።

የሳይመንስ ታውን ጣቢያ ራሱ፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ነው። ደስ ያለኝ ሾፌሩ ነው። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ፣ ባቡሩን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ሄደና በሌላኛው ጫፍ ገባ። በቃ፣ ጭራው ግንባር ሆነ! መስመሩ በ1928 ኤሌክትሪክ ከመግባቱ በፊት ባቡሩን የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር ነበር፤ ለመመለስ ሞተሩን ፈትቶ፣ በጎን ሐዲድ አዙሮ፣ በሌላው ጫፍ መግጠም ነበር። መጨረሻ መድረሻ ጣቢያ ላይ ትርፍ ሐዲድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር።

ከጣቢያው ወደ መሃል ከተማ በእግር ሄድኩ። ጁቢሊ አደባባይ ላይ የአንድ ትልቅ ውሻ ሐውልት አለ። ስሙ ኒውሰንስ ነው፣ በጥባጭ እንደማለት። ግሬት ዴን የሚባለው ግዙፍ የውሻ ዝርያ ነው፣ የጥጃ ያህል። መርከበኞቹን እየተከተለ በዚህ ባቡር ኬፕ ታውን ድረስ ይመላለስ ነበር፣ ያለ ትኬት። ተቆጣጣሪዎቹ ያወርዱታል፣ እሱ ቀጣዩ ላይ ይሳፈራል። ቢቸግራቸው ይገደል የሚል ማስፈራሪያ መጣ። መርከበኞቹ አለቀሱ፣ ጻፉ፣ ለመኑ። የባሕር ኃይሉ መላ ዘየደ፤ በ1939 ኦገስት ላይ ውሻውን ወታደር አድርጎ መዘገበው። ወታደር ከሆነ ባቡር ነፃ ነው! የመዝገቡ ቅጽ ላይ ሙያ የሚለው ቦታ «አጥንት ሰባሪ» ተብሎ ተሞላ። በ1944 ሲሞት በወታደራዊ ክብር ነው የተቀበረው።

ስመለስ ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። አራት ኪስ ፈተሽኩ፣ የለም። ሰውዬው ዝም ብሎ ቆሞ ያየኛል። ከቦርሳዬ ሥር፣ ተጨማዶ፣ ተገኘ።