አዳፕተሯ ላይ የተጻፈው 250

ቢሮአችን በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር መካከል ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ ንብረት ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን አሜሪካ የሚኖሩ ወዳጆች ሁለት ላፕቶፕና አንድ ሌዘር ፕሪንተር በስጦታ ላኩልን። ስፒናቸው ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ። ፒያሳ ወጥቼ ትንሽ ነጭ አዳፕተር ገዛሁ።

ላፕቶፖቹን ተራ በተራ ሰካኋቸው፤ ሁለቱም በሩ። ጠንቃቃ ነኝና አዳፕተሯን ገልብጬ አየኋት፤ «250 ቮልት» ይላል። የእኛ መብራት 220 ነው። እንግዲህ ምን ቀረኝ? ፕሪንተሩን ሰክቼ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ጧ! የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ የፎቁ መብራት በሙሉ ጠፋ። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከጠዋት ጀምሮ ስትሠራ የቆየችው የደመወዝ ዝርዝርም ሳይቀመጥ ከኮምፒውተሯ ጋር ጠፋ። «ወንድሜ፣ ምን አደረግኸን?» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠጋኙ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የፕሪንተሩን ጀርባ አሳዩኝ፦ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 8 አምፔር። «ጋሼ፣ አዳፕተሯ እኮ 250 ትላለች» አልኳቸው።

«ስለ ራሷ ነው የተናገረችው» አሉ። «እስከ 250 ድረስ እችላለሁ አለች እንጂ ለፕሪንተሩ ዋስ አልሆነችም። የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው የምትለውጠው።»

ላፕቶፖቹስ? ቻርጀራቸው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ተጽፎ ኖሯል፤ የመጣለትን ራሱ ያስተካክላል። እኔ ግን ምስጋናውን ለአዳፕተሯ ሰጥቼ ነበር።

ደግነቱ የተቃጠለው ቫልቮላውና ቮልት ሲበዛ ቀድሞ የሚሞት አንድ ሰማያዊ ቁልፍ መሳይ ዕቃ ብቻ ነበር። ሁለቱም ተቀየሩ። ቀጥሎ የእኛን 220 ቮልት ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ነበረብኝ፤ እዚህም ቁጠባዬ አሳሳተኝና ባለ 500 ዋቱን ይዤ መጣሁ። ወረቀት ሲታተም እያቃሰተ እጅ የማያስነካ ሆነ። 120 በ8 ሲባዛ 960 ዋት መሆኑን ጋሼ ካርቶን ላይ በእርሳስ አስልተው ካሳዩኝ በኋላ ባለ 1500 ገዛሁ። ትራንስፎርመሩ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚመታውን ምት፣ እንደማይቀይረውም ነገሩኝ፤ የአሜሪካው 60፣ የእኛው 50 ነው፤ ፕሪንተሩ ግድ የለውም፣ በመብራቱ ምት የሚሄድ የአሜሪካ የግድግዳ ሰዓት ቢሆን ግን እኛ አገር በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

ትራንስፎርመሩ ድንጋይ ያህል ይከብዳል፤ ቦታውም ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ሥር ሆነ። በሐምሌ ብርድ እግሯን ታሞቅበት ጀመር። ይቅር ብላኛለች፤ ብቻ እኔ ወደ ሶኬት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ምንም ሳትናገር ፋይሏን ታስቀምጣለች።