ስለ አሮን ዶናልድ እጆች

አሮን ዶናልድ ከአሜሪካ ፉትቦል መሰናበቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2024 ነው (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመታት የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። 33 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። 10 የውድድር ዘመን፣ 154 ጨዋታ፣ 111 ሳክ (ምንነቱን ከታች እነግራለሁ)፤ ሁሉንም ለራምስ ቡድን። በአሥሩም ዓመት ለፕሮ ቦውል፣ ማለትም ለዓመቱ ምርጦች ስብስብ፣ ተመርጧል። ስሙ በተነሳ ቁጥር ሰው ስለ ጡንቻው ያወራል። እኔ ግን ስለ እጆቹ ጽፌ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። በዚያ ሊግ ጉልበተኛ ሞልቷል፤ እንደ እሱ ያለ እጅ ግን አላየሁም።

መጀመሪያ የሚቆምበትን ቦታ መረዳት ያስፈልጋል። ዶናልድ ዲፌንሲቭ ታክል ነበር፤ ማለትም ከመከላከያው መስመር መሐል፣ ኳስ ወርዋሪያቸውን ከሚጠብቁት የተጋጣሚው መሐል ተጫዋቾች፣ ከሴንተሩና ከጋርዶቹ፣ ፊት ለፊት የሚሰለፍ። ጠርዝ ላይ የሚጫወቱት ተንደርድረው ለመዞር ሜዳ አላቸው። መሐል ያለው ግን በግራም በቀኝም ሰው ነው፤ መንደርደሪያ የሚባል ነገር የለውም። ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ደግሞ ኳሷን ከተቀበለ በኋላ ለመወርወር የሚፈጅበት ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ሳክ የሚባለው በዚያች ጊዜ ውስጥ ደርሶ፣ ኳሷ ከእጁ ሳትወጣ እሱን መጣል ነው። ከዚያ ጥበት ተነስቶ በዓመት 8 ያገኘ ተጫዋች ዓመቱ ተሳክቶለታል ይባላል። ዶናልድ በ2018 ያገኘው 20.5 ነበር። ግማሿ የመጣችው ሁለት ተጫዋቾች ተባብረው ሲጥሉ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ስለሚጻፍላቸው ነው። ሳክ በይፋ መቆጠር ከጀመረበት ከ1982 ወዲህ አንድም ዲፌንሲቭ ታክል እዚያ አልደረሰም ነበር።

በ2014 ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ለሚወስዱበት ምርጫ ሲቀርብ የሚያሳስበው ነገር ቁመቱ ነበር። 1.85 ሜትር ገደማ ቁመት፣ 129 ኪሎ ክብደት። ፊት ለፊቱ የሚቆሙት ጋርዶች አብዛኞቹ ከ1.90 በላይ ናቸው፤ 140 ኪሎም ይመዝናሉ። በኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱ ለተከላካይና ለመስመር ተጫዋቾች የሚሰጡትን ትልልቅ ሽልማቶች ጠራርጎ ወስዶ ነበር፤ በመመዘኛውም 40 ያርድ በ4.68 ሰከንድ ሮጠ፣ 102 ኪሎ ብረት 35 ጊዜ ከደረቱ ገፋ። ያም ሆኖ የተመረጠው 13ኛ ሆኖ ነው።

ያ ቁመት ግን ጠቅሞታል እላለሁ። በመስመር ላይ ግፊያ የሚያሸንፈው ትከሻው ዝቅ ያለው ነው። ረጅሙ ጋርድ ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ሰብሮ ዝቅ ካላለ ከታች የሚመጣው ሰው ደረቱ ሥር ገብቶ ተረከዙ ላይ ያስቀምጠዋል። ዶናልድ ዝቅ ለማለት ብዙ መታጠፍ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ከመነሻው እስከ ሁለተኛው እርምጃ ድረስ ፍጥነት አያባክንም።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ በዝግታ የተቀረጸ ምስል ካልታየ ዓይን አይዘውም። ኳሷ ስትንቀሳቀስ እሱ ከጋርዱ ቀድሞ አንድ እርምጃ ወጥቷል። ጋርዱ ሁለት እጆቹን ወደ ዶናልድ ደረት ይልካል፤ ሐሳቡ የትከሻውን መከላከያ ጨምድዶ መያዝ ነው። ዶናልድ በአንድ እጁ የጋርዱን የእጅ አንጓ ወይም ክርን ከላይ ወደ ታች ይመታል። የተመታው እጅ ሲወርድ የጋርዱ ትከሻም አብሮ ያዘነብላል። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ክንዱ በተከፈተው ጎን አልፏል፤ ዳሌውም ተከትሎ ዞሯል። እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ተጫዋች ይሳሳታል፦ እጁን መትቶ እግሩን ያቆማል። እግር ከቆመ ጋርዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ እጁን እንደገና ይዘረጋል፣ ልፋቱም ከንቱ ይሆናል። እጅ ሲመታ እግር መሬት ላይ እየወረደ መሆን አለበት። ሌላው ስህተት ቸኩሎ መምታት ነው። የጋርዱ እጅ ሳይዘረጋ የሰነዘረ አየር ይመታና ራሱ ደረቱን ክፍት አድርጎ ይሰጣል። ከዘገየ ደግሞ ተይዟል፤ 140 ኪሎ ሰው አንዴ ከጨመደደ በሁለት ሰከንድ አያስለቅቅም።

ይህን ጊዜ አጠባበቅ ለማሳመር ከአሠልጣኙ ጋር ስለት በሌላቸው የልምምድ ቢላዎች ይሠራ ነበር። በ2017 ምስሉ ሲወጣ ብዙ ሰው ለታይታ መስሎት ነበር። እኔ ግን ትርጉም ያለው ልምምድ ነው እላለሁ። ቢላ የያዘ እጅ ወዳንተ ሲመጣ የምትመለከተው ፊቱን ሳይሆን አንጓውን ነው፤ የጋርድ እጅም መታየት ያለበት እንደዚያ ነው። ጥንካሬው ደግሞ ከልጅነቱ የመጣ ነው። ፒትስበርግ ውስጥ ቤታቸው ምድር ቤት አባቱ ባዘጋጀለት ጂም ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስቶ፣ ከአባቱ ጋር ብረት አንስቶ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው።

ተጋጣሚዎች በአንድ ሰው እንደማይቻል ሲያዩ ሁለት ይመድቡበት ነበር፤ አንዳንዴ ሦስት። ጋርዱ ይገታል፣ ሴንተሩ ከጎን መጥቶ የጎድን አጥንቱ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ሁለቱንም መግፋት አይደለም፤ ያን የሞከረ ተጣብቆ ይቀራል። ዶናልድ አንዱን ብቻ ይመርጣል፣ አካሉን በትከሻው አዙሮ ያቀጥናል፣ ከዚያ በሁለቱ ዳሌዎች መሐል ይሾልካል። ሁለቱ ሰዎች ዳሌያቸውን አጋጥመው ከዘጉ አይሠራም። ብዙ ጊዜ ግን ሴንተሩ በግማሽ እርምጃ ይዘገያል፤ እሱም የሚጠብቀው ያችን ግማሽ እርምጃ ነው።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በ2017 በውል ጉዳይ ከዝግጅት ቀርቶ የመጀመሪያው ጨዋታ አመለጠው፤ በ14 ጨዋታ 11 ሳክ አግኝቶ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በ2018 ኦገስት 31 የ6 ዓመት፣ የ135 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በተከላካዮች ታሪክ ትልቁ ውል ነበር፣ ለአንድ ቀን፤ በማግስቱ ሌላው ተከላካይ ካሊል ማክ በለጠው። የዓመቱን ምርጥ ተከላካይነት በ2018 እና በ2020ም ደገመው። ሦስት ጊዜ የወሰዱት ከእሱ ሌላ ሎውረንስ ቴይለርና ጄ ጄ ዋት ብቻ ናቸው።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2022፣ ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ። ራምስ 23 ለ 20 እየመራ አንድ ደቂቃ አልቀረም። ተጋጣሚው ሲንሲናቲ ኳሷን ይዞ ለመቀጠል አንድ ያርድ ብቻ ይፈልጋል፣ ሁለት ሙከራም አለው። በመጀመሪያው ኳሷን ለሯጩ ሰጡት፤ ዶናልድ ከኋላ ደርሶ በአንድ ክንዱ ጎትቶ አስቀረው። በሁለተኛው ኳርተርባኩ ጆ በሮው ሊወረውር ወደ ኋላ አለ። ዶናልድ ጋርዱን አልፎ ወገቡን ያዘው፣ አሽከረከረው፤ በሮው እየወደቀ የለቀቃት ኳስ መሬት ወደቀች። ዶናልድ የራስ ቁሩን አውልቆ፣ የሻምፒዮን ቀለበት ወደሚጠለቅበት ጣቱ አመለከተ። ያን ምስል ሁሉም ያስታውሳል። እኔን ግን የበለጠ የሚገርመኝ የመጀመሪያው ሙከራ ነው፤ ሩጫውን ባያስቆም ኖሮ ሁለተኛው አይመጣም ነበር።

በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ የመጨረሻዎቹን ስድስት ጨዋታዎች አልተጫወተም፤ 5 ሳክ ብቻ። በ2023 ሲመለስ በመስመሩ ላይ ከጎኑ የሚሰለፉት ልጆች ነበሩ። እሱ 8 አገኘ። በዚያው ዓመት በሦስተኛው ዙር የተመረጡት ሁለት ጀማሪዎች፣ ኮቢ ተርነር 9፣ ባይረን ያንግ 8 አገኙ። ከተጋጣሚ አምስት የመስመር ተጫዋቾች ሁለቱ ዶናልድ ላይ ከተጠመዱ፣ ልጆቹ በየጎናቸው የሚያገኙት አንድ አንድ ሰው ነው።