«ተመስገን» ስንት ነጥብ ነው?

ጎንደር ባቡር የላትም። ስለ ባቡር ጣቢያ የተሳፋሪ እርካታ ለመጠየቅ ወረቀት ታቅፌ መናኸሪያ የገባሁ ዕለት ይህንን ያላስታወሰኝ ሰው አልነበረም። አንድ ተራ አስከባሪ መጠይቁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ጣቢያው መቼ ተሠራ? ሳንሰማ!» ብሎ መለሰልኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ግን እንደሚመስለው የእብድ ሥራ አልነበረም። ከጎንደር ተነሥቶ ባቡር የተሳፈረ ሰው ሞልቷል። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ስለቱን ሊያደርስ ከሚሄደው ምእመን ውስጥ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን መንገድ በባቡር የሚጓዝ አለ። ድሬዳዋ ተምረው የመጡ ልጆች አሉ። አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ በከተማው ቀላል ባቡር የተመላለሰውማ ብዙ ነው። ማወቅ የፈለግሁት ሁለት ነገር ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ባዩዋቸው ጣቢያዎች ምን ያህል ረክተዋል? ባቡር እስከ ጎንደር ይምጣ ቢባልስ ድጋፋቸው ከልብ ነው ወይስ ከአንገት በላይ?

መጠይቁን ያዘጋጀሁት በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተሳፋሪዎች የሚጠየቁትን አይቼ ነው። ትኬት መግዛት ምን ያህል ቀላል ነበር፣ የመነሻ ሰዓት በግልጽ ይነገራል ወይ፣ ንጽሕናው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የቅሬታ ማቅረቢያው፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ። ወደ አማርኛ ስመልሰው አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ኮርቼበትም ነበር።

የመጀመሪያዋ መላሽ ከቁልቢ የተመለሱ እናት ነበሩ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የጉዞ ማኅበር በኩል ነው ያገኘኋቸው። «እማማ፣ ጣቢያው እንዴት ነበር? ከ1 እስከ 5 ስንት ይሰጡታል?» አልኋቸው።

«ገብርኤል ይመስገን ልጄ፣ በሰላም ሄጄ በሰላም ገብቻለሁ።»

«መጸዳጃ ቤቱስ?»

«ተመስገን።»

5 ብዬ ሞላሁ። ቀጥሎ የጠየቅኋቸው አዛውንትም ተመስገን አሉ። ሌላውም እንዲሁ። የመኪና ማቆሚያው ዘንድ ስደርስ ሰው ሁሉ ፊቴን ያየኝ ነበር፤ ማን መኪና አለውና ነው? «የቅሬታ ማቅረቢያ» የሚለውን አንዱ «ለማን ነው የምታቀብለው?» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ነጥቡን ስደምር የአገራችን ጣቢያዎች ሁሉ ገነት ሆነው ወጡ።

የነቃሁት በአክስቴ ነው። እርሷም መጠይቁን ሞልታልኝ ነበር፤ 5 በ5። እሑድ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ያንኑ ጉዞ ለጎረቤቷ ማውራት ጀመረች። ጣቢያው ከከተማው ውጭ መሆኑን ስላላወቀች ገና በጨለማ ተነሥታ መኪና ስትፈልግ እንደተንከራተተች፤ ከወረደችበት እስከ በሩ ሻንጣ ጎትታ ስትሄድ ጉልበቷ እንደከዳት፤ አንድ የማታውቀው ልጅ ሻንጣዋን ነጥቆ ሲሮጥ ሌባ መስሏት እንደጮኸች፤ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት እንዴት እንዳፈረች። ሰውነቷ እስኪንቀጠቀጥ እየሳቀች ነው የምታወራው። እኔ ወረቀቴን አወጣሁ። «ወደ ጣቢያው ለመድረስ ምን ያህል ምቹ ነበር?» በሚለው ፊት ለፊት 5 ተጽፏል።

«አክስቴ፣ ይህን 5 ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ታዲያ ደረስሁ አይደል?»

እርካታ የምንለው ቃል እኛ ዘንድ ምስጋና ነው። «ረክተሃል?» የተባለ ሰው «አልረካሁም» ካለ ፈጣሪውን ያማረረ፣ ደግሞም ጠያቂውን ያሳዘነ ይመስለዋል። ስለዚህ ስለ ስሜት መጠየቄን ተውሁና ስላደረጉት ነገር መጠየቅ ጀመርሁ። ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ? በምን ሄዱ? ስንት ከፈሉ? ሲጠብቁ የት ተቀመጡ? ሻንጣውን ማን ያዘ? የሚሳፈሩበትን ማን አሳየዎት? ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ መልሱ ግን ሌላ ሆኖ መጣ። ሰው ቅሬታ የሚለው ነገር እንዳለው ሳያውቅ ይነግርሃል።

ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ሌላ ዘዴ አስፈለገ። ካርቶን ላይ ስድስት ሥዕል ሣልሁ፤ ወንበር፣ መጸዳጃ ቤት፣ ሻንጣ፣ ትኬት፣ ድምፅ ማጉያ፣ ባጃጅ። ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ፍሬ ሽምብራ ሰጥቼ «ጣቢያ የሚሠሩት እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ያስቀድማሉ? በዚያው ልክ ያስቀምጡ» አልሁ። በመጀመሪያው ቀን የያዝሁት የተቆላ ሽምብራ ነበር፤ ሞኝነቴ። አንድ ነጋዴ እያሰበ ሦስቱን በላብኝ። ከዚያ ወዲያ ጥሬ ባቄላ ያዝሁ።

ባቄላው ከወረቀቱ የተሻለ የሠራው ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። «ምን ጎደለ?» ማለት ሰው ማስወቀስ ነው፤ «ምን ይቅደም?» ማለት ግን ምክር መጠየቅ ነው፤ ምክር የሚነፍግ ጎንደሬ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። «ተመስገን» ብቻ ይሉኝ የነበሩት እናት አምስቱን መጸዳጃ ቤት ላይ ደረደሩ። ወጣቶቹ ድምፅ ማጉያውን መረጡ። ወንበር ላይ እዚህ ግባ የሚባል ባቄላ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔ ግን በመጀመሪያው መጠይቄ ስለ ወንበር አራት ጥያቄ ነበረኝ።

ድጋፍን የጠየቅሁበት መንገድም እንዲሁ ተበላሽቶብኝ ነበር። «ባቡር ጎንደር ቢመጣ ይደግፋሉ?» ስል የማይደግፍ የለም፤ ሠርግ ቤት ገብቶ «ሙሽራዋ ታምራለች ወይ?» እንደማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚያስከፍል ጥያቄ አደረግሁት። በቀድሞው የምድር ባቡር ዘመን ጣቢያው ከተማው ውስጥ ነበር። ለገሃር ስሙን ያገኘው ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ድሬዳዋማ ከተማ የሆነችው ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ሥር መጥቶ ስለቆመ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጣቢያዎቹ በአብዛኛው ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ይህን ነግሬ «የጎንደሩ ጣቢያ ከአዘዞ ማዶ ቢሆንስ?» አልሁ።

ያን ጊዜ ሰዉ ጣቱን መቁጠር ጀመረ። የባጃጅ ሒሳብ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ባጃጅ ይገኛል ወይ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ብቻዋን ትወጣለች ወይ። «እንግዲያውስ አውቶቡሴ ይሻለኛል» ያሉኝ ቀድሞ እጃቸውን ያወጡ ሰዎች ናቸው። ድጋፉን ያልቀነሰው አንድ ባጃጅ ነጂ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን መጻፍ አያስፈልገኝም።

ሳልጠይቅ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እርዳታ የሚያስፈልገው የባቡር ተሳፋሪ ከ24 ሰዓት በፊት ካሳወቀ በጣቢያው የሚረዳው ሰው ይዘጋጅለታል፤ ቀድሞ 48 ሰዓት ነበር። ይህን በክራንች ለሚሄድ አንድ ወጣት አጫወትሁት። ሳቀ። «እኔ ማሳወቅ አያስፈልገኝም፤ ረዳቱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መጥቶ ያቅፈኝና ያወጣኛል።» ጥሩ ነው ብዬ ልጽፍ ስል አቋረጠኝ። «ልውጣ ወይ ብሎ ግን አይጠይቀኝም። ሻንጣዬንም እኔንም በአንድ ጊዜ ነው የሚያነሣን።» መጠይቄ ላይ «እርዳታ አግኝተዋል?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ አዎ ወይም አይደለም። ይህ መልስ በየትኛው ይገባል? ጥያቄውን በሁለት ከፈልሁት፤ «የረዳዎት ሰው አለ?» እና «ሲረዳዎት አስቀድሞ ጠየቀዎት?»

እንደገና ብጀምር ሰዓቴን እቀይራለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መናኸሪያ የምሄደው ከቁርስ በኋላ ነበር፤ የረጅም መንገድ ተሳፋሪ እኮ በዚያ ሰዓት ወረታን አልፏል። አንድ ሌሊት ተነሥቼ ብሄድ ጊዜ ጋቢ ተከናንበው ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡ፣ ልጅ ጭናቸው ላይ ያስተኙ፣ ትኬታቸውን በስልክ መብራት ደጋግመው የሚያዩ ሰዎች አገኘሁ። ብርዱ ባቄላ አያስቆጥርም፤ ግን ስለ መጠበቂያ ቦታ የጻፍሁት የተሻለው ገጽ የመጣው ከዚያች ሌሊት ነው።

ጽሑፉን ካስገባሁ በኋላ ካርቶኑንና ባቄላውን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድሁ፤ ዕዳ ነበረብኝ። ስድስቱን ባጃጁ ላይ፣ አራቱን ሻንጣው ላይ አደረገች። መጸዳጃ ቤቱን ዝም አለችው።

«ይኸው ነው?» አልኋት።

«ይኸው ነው። በታኅሣሥ ደግሞ እሄዳለሁ። አንተም ይህን ወረቀትህን ትተህ መጥተህ ሻንጣዬን ያዝ።»