ጋሼ፣ ገና እና የ27 ደቂቃው ሲዲ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ዋለ። እዚህ ቶሮንቶ ግማሻችሁ ከሌሊቱ ቅዳሴ በቀጥታ ሥራ ገብታችኋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ስታነቡ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ላይ ትሆናላችሁ። ለሁላችሁም መልካም በዓል። የጾማችሁም እንኳን በሰላም አስፈጸማችሁ።

የዘንድሮው መልእክቴ ስለ አንድ ሰው ነው። ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋቸዋላችሁ። እኔ ግን እንደ ሁልጊዜው ጋሼ ነው የምላቸው።

ቶሮንቶ እንደገባሁ ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝ ጋሼ ናቸው። ማከራየት ከተባለ፤ ሥራ እስክይዝ ድረስ አራት ወር ሙሉ ብር አልተቀበሉኝም። ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ታክሲ ይነዳሉ። አገር ቤት ሳሉ ድራመር ነበሩ። በደርግ ጊዜ፣ በሰዓት እላፊ ምክንያት በሩ ከተዘጋ እስኪነጋ ማንም ንቅንቅ በማይልበት ሆቴል ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ከዚያ በሱዳን በኩል ወጡ። ድራም ይዞ የሚሰደድ የለም።

ታክሲያቸው ውስጥ ራሽ አይጠፋም። ለማታውቋቸው፣ ራሽ በፈረንጆቹ 1968 እዚሁ ቶሮንቶ የተመሠረተ ባንድ ነው። ጌዲ ሊ ቤዝ እየመታ ይዘፍናል፣ አሌክስ ላይፍሰን ጊታር፣ ኒል ፒርት ድራም። የጌዲ ወላጆች ከናዚ ካምፕ የተረፉ አይሁዶች ናቸው። የአሌክስ ወላጆች ደግሞ ሰርቦች፣ ከዩጎዝላቪያ የመጡ። "የስደተኛ ልጆች እኮ ናቸው" ይሉኝ ነበር ጋሼ፣ የራሳቸውን ልጅ እያሰቡ።

ሙዚቃው ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉት ነው። በ1976 ባወጡት አልበም የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የያዘ፣ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አለ። በሌሎች ዘፈኖቻቸው ደግሞ ምቱ አንዴ አምስት፣ አንዴ ሰባት ይሆናል። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ጋሼ ቀይ መብራት ላይ ቆመው፣ መሪውን በጣታቸው እየመቱ አስቆጠሩኝ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በቺክቺካ ላደገ ሰው ይሄ ምን ይከብዳል?"

ከፒርሰን ኤርፖርት ሰው ጭነው ሲወጡማ የሚመቱት አንድ ብቻ ነው። ሻንጣችሁ ላይ የሚለጠፈው የፒርሰን መለያ ዋይ ዋይ ዜድ ነው አይደል? ራሾች በ1981 በዚሁ ስም ቃል የሌለው ሙዚቃ ሠርተዋል። መነሻ ምቱ ሦስቱ ፊደላት በሞርስ፣ በድሮው የቴሌግራም ኮድ፣ ሲመቱ የሚወጣው ድምፅ ነው። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም። ያንኑ ድገም። ከዚያ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። "ሁላችንም በዚህ በር ነው የገባነው" ይላሉ፣ ጣታቸው መሪው ላይ።

ከሁሉ የሚወዱት ግን ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ሲዲ ነበር። በ2004 ኒል ባንዱን ከተቀላቀለ 30 ዓመት ሞላው። ሌላ ባንድ ቢሆን የራሱን ምርጥ ዘፈኖች ሰብስቦ ያወጣል። እነሱ 8 ዘፈን ቀዱ፣ አንዱም የራሳቸው አይደለም። ልጆች ሆነው የሰሟቸው፣ አብዛኞቹ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የወጡ ዘፈኖች ናቸው፤ የዘ ሁ፣ የያርድበርድስ፣ የቡፋሎ ስፕሪንግፊልድ። ያ ሁሉ የምት ሒሳብ የለም። አጫጭር ናቸው፣ ሲዲው በ27 ደቂቃ ያልቃል። ስሙን ፊድባክ አሉት።

ኒል በ1997 የ19 ዓመት ልጁን በመኪና አደጋ አጥቷል። ዓመት ሳይሞላ ሚስቱን ካንሰር ወሰደበት። ድራሙን ትቶ በሞተር ብስክሌት ከ80 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ዞረ። "ከዚያ ሁሉ ተመልሶ፣ በበዓሉ ቀን ያስተማሩትን አመሰገነ" ይሉ ነበር ጋሼ። ይሄው ሰው ከዚያም በፊት፣ ስሙ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ፣ ፍሬዲ ግሩበር ከሚባል አዛውንት መምህር ዘንድ ሄዶ ድራም እንደ አዲስ ተምሯል። ጋሼ ይሄን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል።

ኒል ያረፈው በጃንዋሪ 7፣ 2020 ነው። የገና ዕለት። ወሬው የተሰማው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ጋሼ ደወሉልኝ። "እኛ ዶሮ ስንበላ እኮ ነው" አሉኝ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው አስተማሪ ነገሩኝ። መጀመሪያ ስቲክ ያስያዟቸው የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሰው ነበሩ። ጋሼ ከአገር ሲወጡ አልተሰናበቷቸውም። ማረፋቸውን ካርቱም ሆነው ከሰው ሰሙ። "ሳላመሰግናቸው" አሉ።

ያኔ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት "እኔ ግን አመሰግንዎታለሁ" ማለት ነበረብኝ። እንኳን አደረስዎ ብዬ ዘጋሁት።

በዚህ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ጌዲና አሌክስ ከ50 ዓመት በላይ የሆነውን የራሽን ሙዚቃ ሊያከብሩ እንደገና መድረክ ሊወጡ መሆኑ ተነገረ። ድራሙን የምትይዘው አኒካ ኒልስ የምትባል ጀርመናዊት ናት። ጋሼ ሆስፒታል ነበሩ። ስትጫወት በስልኬ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ከእጇ ላይ አልነቀሉም። የእራቱን ማንኪያ አንስተው ትሪው ላይ ተከተሏት፣ ግሉኮሱ የተሰካበት እጃቸው እስኪደክም። ከዚያ "ቲኬት ቁረጥልኝ" አሉ። ሁለት ቆረጥኩ።

ኅዳር ሳይጋመስ አረፉ። ያቺን አንዲት ቃል አልነገርኳቸውም።

እና የዘንድሮ ገና እንዲህ ነው።

እትዬ፣ ሐዘኑ የእርስዎ ሆኖ ሳለ እኔን "ብላ" ሲሉኝ ሰነበቱ። እግዜር ያክብርልኝ። የማታዋ ነርስ፣ ማንኪያውን ሳትቀበያቸው በሩን ቀስ አድርገሽ ዘግተሽ የወጣሽው፣ አማርኛ ባታነቢም እዚህ ቤት ስምሽ ይነሳል። የታክሲ ጓደኞቻቸው፣ ሥራ አቁማችሁ ለቅሶ ደራሹን ከየቤቱ ስታመላልሱ አንዳችሁም የነዳጅ ብር አልተቀበላችሁም። ቲቸር፣ ስምንተኛ ክፍል የጻፍኩትን ክፍሉ ፊት ያነበቡልኝ፣ ልጅዎ የምጽፈውን ትከታተላለች አሉ። ታንብብልዎ። አመሰግንዎታለሁ። ይሄን ለመጻፍ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት።

የጋሼ ልጅ ዛሬ ማታ ከካልጋሪ ትገባለች። ሁለተኛው ቲኬት የሷ ነው። ፒርሰን ሄጄ የምቀበላት እኔ ነኝ። እትዬ፣ ዶሮውን ቶሎ አያሙቁት። ሲዲውን መኪናው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ ከኤርፖርት እስከ እርስዎ ቤት 27 ደቂቃ ነው።