የግቢዬን ፉጋ ሦስት ጊዜ ሞላሁት

ቤታችን አያት አካባቢ ነው። ከበረንዳው እስከ ውጪ በር ድረስ ግቢውን በጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ያስነጠፍኩት እናቴ በክረምት ጭቃ እንዳያንሸራትታት ብዬ ነው። ድንጋዩን ለመምረጥ ሁለት ሳምንት ዞሬያለሁ። በድንጋዮቹ መሀል ባለው ክፍተት፣ ፉጋ በሚባለው፣ ስለሚገባው ግን አንድ ደቂቃ እንኳን አላሰብኩም። ሠራተኞቹ «በሲሚንቶ እንሙላው?» አሉኝ። «ሙሉት» አልኩ። በቃ።

ይህ ግንቦት ላይ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ በድንጋዮቹ ጠርዝ ዙሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ታየ። ጥር ላይ ጥፍሬን ያስገባ ነበር። አንድ ቀን በቢላ ጫፍ ፈልቀቅ ባደርገው ክንድ የሚያህል ሲሚንቶ እንደ ዱላ ሳይሰበር ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ድንጋዮቹም ሲረገጡ መወዛወዝ ጀመሩ። እናቴ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች። ለእሷ ብዬ ያሠራሁት ነገር እሷኑ ሊጥላት መሆኑ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አመጣልኝ። ጎንበስ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ምን ላይ ነው የተቀመጠው?» አሉኝ። «አሸዋ ላይ» አልኩ። «ከአሸዋው ሥርስ?» አሉ። መረሬ ነው። የእኛ ሰፈር ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከላይ ያለው ድንጋይ አብሮት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲሚንቶ ደግሞ መታጠፍ አያውቅም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ አሸዋውን ከሥር ያጥበዋል፣ ድንጋዩ ባዶ ላይ ይቀራል። «አሸዋ ይሻላል ወይስ ሲሚንቶ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት ሥሩን ማየት እንዳለብኝ ያኔ ገባኝ።

ገባኝ ብልም ቸኮልኩ። ሲሚንቶውን አስፈልቅቄ ከልስን የተረፈ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ ሞላሁበት። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃ አንዱን ጥግ በአንድ ከሰዓት ባዶ አደረገው። በቀረው ላይ ሰርዶ በቀለበት። የተረፈኝን አሸዋ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጬ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ከአሸዋው በላይ አንድ ጣት የሚያህል ጭቃ ተኝቷል። ለሰርዶው ምግብ ነበር የሞላሁለት።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ «እዚህ ፖሊመሪክ አሸዋ ነው የምንጠቀመው፣ ልላክልህ?» አለኝ። ማጣበቂያ የተቀላቀለበት አሸዋ ነው፤ ደረቁን ይጠረግና ውኃ ሲረጭበት ይጠነክራል። አንዱ ከረጢት 22 ኪሎ ያህል ነው፣ የአንድ ሻንጣ ክብደት ማለት ነው። ለግቢዬ ብዙ ከረጢት ያስፈልጋል። ደግሞ እሱም ቢሆን ከሥሩ ውኃ የሚቋጥር ቦታ ላይ አይሆንም። ተውኩት።

ሦስተኛውን ከሥር ጀመርኩ። የሚወዛወዙትን ድንጋዮች አስነሳሁ፣ ከሥር የላላውን አስወጥቼ ገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር ያለው የመደልደያ አፈር፣ አስደለደልኩ። በየአንድ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጪ እንዲያዘቀዝቅ በውኃ ልክ አስለካሁ። የአሸንዳውን ውኃ በቱቦ ወደ ቦዩ መራሁት። ይሄ ሥራ ከመሙያው በላይ ረድቶኛል ብዬ አምናለሁ።

ለመሙያው ዜሮ ዜሮ ገዛሁ፤ ብሎኬት የሚመረትበት ደቃቁ የተፈጨ ጠጠር። በእጄ ሳሸው እንደ አሸዋ አይንሸራተትም፣ ይቆረቁራል። ጠርዝ ስላለው እርስ በርሱ ይያያዛል። መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰነጠቅም። ደረቁን በመጥረጊያ ከተትኩ፣ በቀጭን ጣውላ ጠቀጠቅኩ፣ ውኃ ረጨሁ። ሲጎድል እንደገና። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ከድንጋዩ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ተውኩት፤ እኩል ከሞላ መጥረጊያው ራሱ ያወጣዋል።

በረንዳውን ግን በሲሚንቶ ነው የሞላሁት። እዚያ ድንጋዩ ኮንክሪት ላይ ነው የተለጠፈው፣ ሥሩ አይንቀሳቀስም። ሽማግሌው አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ አስለኩኝ፤ ውኃው ሲጨብጡት ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ብቻ። ከላይ መቀባት ሳይሆን እስከ ታች መጠቅጠቅ አለበት። ድንጋዩ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በእርጥብ ስፖንጅ ካልጠረጉት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ እኔ አንዱን ረስቼ አሁንም ይታያል። ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት። በረንዳው ከግቢው ጋር በሚገናኝበት መስመር ግን ሲሚንቶ አላስገባሁም። አንዱ የሚንቀሳቀስ፣ ሌላው የማይንቀሳቀስ ስለሆነ እዚያም ዜሮ ዜሮ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። በየመስከረሙ ግማሽ ባልዲ እየጨመርኩ የጎደለውን እሞላለሁ። የበቀለ ሰርዶ ካለ ሥሩ ሳይጠልቅ እነቅላለሁ። እናቴ ድሮ በርጩማዋ ይወዛወዝባት የነበረው ጥግ ላይ አሁን ረከቦቷን ታስቀምጣለች።