ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድብርት ነገር ያዘኝ። የሚያስከፋ ነገር ገጥሞኝ አይደለም። የጠዋቱ ሥራ እንዳለ ፊቴ ተዘርግቷል። ዓይኔ ያየዋል፣ ልቤ ግን የለም። እግሬ ከብዷል። ያቺ የተለመደችው የወገቤ ሕመምም መጥታለች። ውሃ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁና መስኮቱ ጋ ስደርስ ታች አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። ሾፌሩ ክርኑን መሪው ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ከተቀመጠ ስንት ሰዓት ሆኖት ይሆን?

ይህን ጥያቄ በደንብ አድርጎ የጠየቀ ጄረሚ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የልብ ሕመም በብሪታንያ ብዙ ሰው ይገድል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ገና ግልጽ አልነበረም። ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አጠኑ። አንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰው ይሠራል። ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ደግሞ ፎቁን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ። እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ውጤቱን አወጡ። ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ሲያዙም ዕድሜያቸው ገፋ ካለ በኋላ ነው፤ ሕመሙም ቀለል ይልላቸዋል።

የምወድለት በዚህ አለመርካቱን ነው። ምናልባት ሾፌር የሚሆነው ሰው ድሮውንም ወፍራም ቢሆንስ? ብሎ የደንብ ልብሳቸውን ልክ አየ። እውነትም የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ነበር። ቀጭኑን ከቀጭን፣ ወፍራሙን ከወፍራም ሲያስተያይ ግን ልዩነቱ አልጠፋም። ሾፌርነት ጭንቀቱም ቀላል አይደለም የሚል ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። ለዚህ ደግሞ ፖስታ አዳዮችን ከቢሮ ጸሐፊዎችና ከስልክ ሠራተኞች ጋር አነጻጸረ። እየተራመዱ የሚያድሉት ተሻሉ።

ወንድም ጋሼን አሰብኩት። ይሄኔ መሪ ላይ ነው።

ባለፈው ሲመጣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ነበር። ካልሲው ቆዳው ላይ መስመር ሠርቶበታል። «መንገዱ ረዝሞብኝ ነው» አለና ዝም አለ። የመንገዱ ርዝመት እግር የሚያሳብጠው እንዲህ ነው። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። ለዚህ የሚረዳው ዋናው ነገር ባታችን ነው። በተራመድን ቁጥር የባት ጡንቻ እየተኮማተረ ደም መላሽ ሥሮችን ይጨምቃቸዋል፤ ውስጣቸው ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ ደሙ ቁልቁል እንዳይመለስ ይዘጉበታል። ባቱ ዝም ሲል ደሙ እዚያው ያዘግማል። ሲያዘግም ያሳብጣል፤ አንዳንዴም ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ መጠለያ ውስጥ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያድሩ ሰዎች በዚህ መንገድ መሞታቸውን ሐኪሞች መዝግበዋል። ከቦምብ አምልጠው ወንበር ላይ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ረጅም መንገድ ይሄዳል በተባልኩ ቁጥር የማስበው እግሩን ነው።

ሌላውም አለ። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ከሰውነታችን ትልልቆቹ ናቸው። ሲሠሩ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባሉ፤ ሲያርፉ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። ከምግብ በኋላ ተቀምጦ መዋል የሚጎዳው ለዚህ ነው። በየሃያው ወይም በየሠላሳው ደቂቃ ተነስቶ ትንሽ መራመድ የደም ስኳሩን ዝቅ እንደሚያደርገው በሙከራ ታይቷል። መሮጥ አይጠይቅም። ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው የወገብ ዲስክም ቢሆን በአዋቂ ሰው የራሱ ደም ሥር የለውም ለማለት ይቻላል፤ ምግቡ ከዙሪያው እየሰረገ ነው የሚደርሰው፤ መጫንና መላቀቁም ይረዳዋል ይባላል። የኔም ወገብ ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም የሚጠይቀኝ።

«መቀመጥ አዲሱ ሲጋራ ነው» የሚሉትን ግን አልወደውም። ሲጋራ እጅግ የከፋ ነው። ደግሞም አባባሉ ሰው ማረፍን እንዲፈራ ያደርጋል። ታንዛኒያ ውስጥ አድነው የሚኖሩት ሃድዛዎች በቀን ወደ 10 ሰዓት ያህል አርፈው እንደሚውሉ ተለክቷል። የኛን ያህል መሆኑ ነው! ግን ከዚያ የተወሰነውን ጊዜ የሚያርፉት ቁጢጥ ብለው ወይም ተንበርክከው ነው፤ ያኔ እግራቸው እያረፈም ይሠራል። ተገትሮ መዋልም መድኃኒት አይሆንም፤ ቆሞ የሚውል ሰው የእግሩ ደም ሥር ሲገታተር ታዩታላችሁ። ሰውነት የሚፈልገው መቀያየርን ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት፣ ከ8 ሰዓት በላይ ቢቀመጡም እንኳ ከመቀመጥ የሚመጣው ተጨማሪ የሞት አደጋ አልታየባቸውም። ከዚያ ያነሰውም ቢሆን ይጠቅማል። እኔ ስልክ ሲደወል ተነስቼ ማውራት እችላለሁ። ደረጃ መውጣት እችላለሁ። ወንድም ጋሼስ?

የለንደኑ ታሪክ መጨረሻው ነው የሚያሳዝነኝ። ከሁለቱ ሥራዎች ለልብ የሚበጀው የትኬት ቆራጩ መሆኑ ታወቀ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ከአውቶቡሶቹ ላይ የተነሳው ትኬት ቆራጩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እነዚያ ከኋላ ክፍት የነበሩት የድሮ አውቶቡሶች ከመደበኛው መስመር ሲወጡ፣ የቀሩት ትኬት ቆራጮችም አብረዋቸው ሄዱ። ሾፌሩ ብቻውን ቀረ፤ ያውም ተቀምጦ። በሌላውም ሥራ እንዲሁ ነው። ደረጃ የሚያስወጣው፣ ፋይል ይዞ የሚያስዞረው፣ ተነስቶ ሰው የሚያስጠራው ሁሉ አንድ በአንድ ጠፋ። ከዚያ ሰው ሲያብጥ፣ ስኳር ሲይዘው፣ «ስፖርት አትሠራም እንዴ?» ይባላል። ይሄ አባባል ያበሳጨኛል።

ማታ እደውልለታለሁ። ነዳጅ ስትሞላ ውረድና መኪናውን ዙረው፤ በሁለት ሰዓት አንዴ ቁምና አምስት ደቂቃ ተራመድ እለዋለሁ። ይሰማኛል፣ አውቀዋለሁ። ግን ዕቃውን የሚጠብቁት ሰዎች ያቺን አምስት ደቂቃ እንደ ሥራ ይቆጥሩለታል ወይስ እንደ መዘግየት?