ለማይጠጡ እንግዶች የቀረበው ወይን

ፍራንክፈርት፣ ጀርመን ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት እሠራለሁ። ከራይን ወንዝ ዳርቻ የወይን እርሻዎች ብዙም ስለማንርቅ ወይን ከገበታችን ተለይቶ አያውቅም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን «አልኮል የሌለው ወይን አላችሁ?» የሚለን ነፍሰ ጡር ሴት ወይም መኪና የሚነዳ ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ መድኃኒት የጀመረው፣ እንቅልፉ የተዛባበት፣ ጥርን ያለ መጠጥ ለማሳለፍ የወሰነው ሁሉ ይጠይቃል።

አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ራት ሲያዝ አስተባባሪዋ የጠየቀችን የሚጠጣውም የማይጠጣውም በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ጽዋ እንዲያነሣ ነበር። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ የማይጠጣ ሰው የጭማቂ ብርጭቆ ይዞ ከጓደኞቹ ተለይቶ እንዲታይና «ለምን አትጠጣም?» እየተባለ ምሽቱን ሙሉ እንዲያብራራ ማድረግ እንግዳን ማክበር አይደለም። ስለዚህ ከመደበኛው ቀይ ወይን ጎን አልኮሉ የወጣለት ቀይ ወይን ቀረበ።

ከእንግዶቹ አንዱ ሙስሊም የአገሬ ልጅ ነበር። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም አይቶ በአማርኛ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ጭራሽ አልኮል የለበትም?» አለኝ። ጠርሙሱን የከፈተው ወጣት ባልደረባዬ ቀደም ብሎ ለጠረጴዛው ሁሉ «ምንም የለበትም» ብሎ ነበር። ጠርሙሱን አዙሬ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበብሁለት፦ የአልኮል መጠኑ ከ0.5 በመቶ በታች። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ወደ ጎን ገፋ አደረገና «አላህ ይስጥህ፤ ለእኔ ውሃ አምጣልኝ» አለ። ጋዝ ያለው ውሃ ከሎሚ ጋር በወይን ብርጭቆ አመጣሁለት፤ ጽዋውንም ከሌሎቹ ጋር አነሣ።

ባልደረባዬ ለማታለል አስቦ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደንብ መሠረት አልኮሉ የወጣለት ወይን እስከ 0.5 በመቶ አልኮል ሊቀርበት ይችላል። ይህ መጠጥ እንደ ጭማቂ ተጨምቆ የታሸገ ሳይሆን አስቀድሞ እንደማንኛውም ወይን ተብላልቶ 12 ወይም 13 በመቶ የደረሰ ነው። ከዚያ በኋላ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ሲሞቅ፣ በተለመደው ሁኔታ 78 ዲግሪ ላይ የሚፈላው አልኮል 30 ዲግሪ አካባቢ ስለሚተን ወይኑ ሳይቀቀል አልኮሉ ይለያል፤ በረቂቅ ማጣሪያ እየገፉ የሚለዩም አሉ። የሚቀረው ቅሪት ማንንም አያሰክርም። ነገር ግን የሃይማኖት ትእዛዝ፣ መጠጥ እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ቃል ኪዳን ወይም የሐኪም ክልከላ የሚለካው በስካር አይደለም፤ መጠጥ ለተወ ሰው ደግሞ 0.0 በመቶ የተባለው እንኳ በመዓዛውና በጣዕሙ ብቻ የድሮውን አምሮት ሊቀሰቅስበት ይችላል። ከዚያ ምሽት ወዲህ ሜኑአችን ላይ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ስም ጎን መቶኛው ተጽፏል፣ 0.0 የሆኑትም ለብቻቸው ተዘርዝረዋል። አስተናጋጅ ሲጠየቅም በቃሉ ከመመለሱ በፊት ጠርሙሱን አዙሮ ያሳያል።

በዚያው ራት ላይ ሌላም ነገር ታዝበናል። የተቀዳው አልኮል አልባ ቀይ ወይን አብዛኛው ሳይነካ ወደ ማድ ቤት ተመለሰ። የምግብ ቤቱ ባለቤት በኋላ ሠራተኛውን ሰብስቦ ቀዩን፣ ነጩንና ጋዝ ያለውን አስቀመሰን። ቀዩ ገና አፍ ሲነካ የወይን ሽታ ይሰጣል፤ ወዲያው ግን ይቀጥንና ምላስ የሚያደርቀው ታኒንና ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለወይን ወፈር ያለ ስሜትና ሙቀት የሚሰጠው፣ መዓዛውንም የሚሸከመው አልኮሉ ነበር። ጋዝ ያለውና ሪስሊንግ ከተባለው ነጭ የወይን ዘር የተሠራው ግን በሚገባ ቀዝቅዞ ሲቀርብ አረፋው የጎደለውን ስለሚሞላለት እኔ ራሴ ደስ ብሎኝ ጠጥቼዋለሁ፤ ቅመም ከበዛበት ምግብ ጋርም ይስማማል።

የጎደለውን ጣዕም ለመሙላት ስኳር የሚጨምሩ ብዙዎች ስለሆኑ የስኳር ሕመም ላለበት እንግዳ «አልኮል የለውም» ማለት ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 8 ቀን 2023 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት የሚመረት ወይን የንጥረ ነገር ዝርዝሩንና የምግብ ይዘቱን በጠርሙሱ ላይ ወይም በስልክ በሚነበብ ኮድ እንዲያሳውቅ ስለሚገደድ፣ ኮዱን እዚያው ገበታው ላይ ከእንግዳው ጋር ሆነን እናነባለን። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላም የሚጠብቀው አልኮል ስለሌለ ቶሎ ይበላሻል፤ የተከፈተበትን ቀን ጽፈንበት ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፣ ከ3 ቀን ያለፈውንም ለእንግዳ አንቀዳም። ቀዩን ከሜኑ አላወጣነውም፤ የሚያዝ ሰው ካለ ግን ሙሉ ብርጭቆ ከመቅዳታችን በፊት ትንሽ እናስቀምሰዋለን፣ ካልወደደውም ሒሳቡ ውስጥ አይገባበትም።